ቅጠሉና ዛፉ፦ አገር በቀል ዛፎችን በቅጠል ስብስብ ስለ ማስተማር የቀረበ ሒስ

ለሳይንስ ትምህርት ከሚሰጡት የተግባር ሥራዎች መካከል ቅጠል ሰብስቦ፣ አድርቆና በወረቀት ላይ ለጥፎ ማቅረብ የቆየና የተለመደ ነው። ተማሪው ከሰፈሩ ወይም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ዐሥር ያህል ቅጠሎችን ይቀጥፋል፤ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርጎ ከባድ ነገር ይጭንበታል፤ ሲደርቅም በነጭ ወረቀት ላይ ለጥፎ ከሥሩ የዛፉን ስም ይጽፋል። መምህሩም የስሙን ትክክለኛነትና የሥራውን ንጽሕና ተመልክቶ ነጥብ ይሰጣል። ሥራው ወጪ የማይጠይቅ፣ ቤተ ሙከራ የማያሻው፣ በገጠርም በከተማም ሊከናወን የሚችል በመሆኑ በመምህራን ዘንድ መወደዱ አያስደንቅም።

አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ግን የሚመዘነው ሊያስገኝ በታሰበው ውጤት ነው። የዚህ ሥራ ዓላማ ተማሪው በአካባቢው የበቀሉትን ዛፎች ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ከሆነ፣ ትክክለኛው ፈተና ተማሪውን ስሙ ካልተነገረው ዛፍ ሥር አቁሞ «ይህ ምን ዛፍ ነው? በምንስ ዐወቅኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የቅጠል ስብስቡ አሁን በሚሠራበት መልኩ ተማሪውን ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀዋልን? መልሱ «በከፊል ብቻ» የሚል ይሆናል። የጉድለቱ ምንጭም ቅጠሉ ከዛፉ ተነጥሎ የሚወሰድበትና ከተወሰደ በኋላም ወደ ዛፉ የማይመለስበት አሠራር መሆኑን ቀጥሎ የሚቀርቡት ምሳሌዎች ያሳያሉ።

የዘዴው ዋጋ

ከነቀፌታው በፊት ለዘዴው የሚገባውን ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው። አበባና ፍሬ የሚገኙት በተወሰነ ወቅት ሲሆን፣ ቅጠል ግን በብዙዎቹ ዛፎች ላይ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት፣ ሊዳስሰው፣ አሽቶም ሊያሸተው ይችላል። የወይራን ቅጠል ገልብጦ የተመለከተ ተማሪ ላዩ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ፣ የታችኛው ገጽ ግን ወርቃማ ወይም የዝገት መልክ ያለው መሆኑን አንድ ጊዜ ካስተዋለ በቀላሉ አይረሳውም። የዋንዛን ቅጠል በጣቱ የዳሰሰ የላይኛው ገጽ ሻካራ መሆኑን ይረዳል፤ የክትክታን ለጋ ቅጠል የያዘም ጣቱ ላይ የሚጣበቅ ነገር ያገኛል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመጽሐፍ ከሚነበብ ይልቅ በዐይንና በእጅ ሲገኝ ይጸናል። ዘዴው ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ወደ ዛፉ ማድረሱ ብቻውን ምስጋና የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ምን ያህሉ በደረቀው ቅጠል ላይ እንደሚቀሩ መመርመር ያስፈልጋል። ሽታው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠፋል፤ አረንጓዴው ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ሙጫው ይደርቃል፤ ወረቀት ላይ በተለጠፈ ቅጠልም አንዱ ገጽ ብቻ ይታያል። ወይራን ከሌሎች የሚለየው የታችኛው ገጽ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ከቀረ፣ ተማሪው ለማየት የወጣው ዋና ምልክት ተሸፈነ ማለት ነው።

ቅጠሉ ብቻውን የሚያሳስትበት ሁኔታ

የመጀመሪያው ምሳሌ ዋንዛና ብሳና ናቸው። ሁለቱም በብዙ የወይና ደጋ አካባቢዎች የሚገኙ፣ ሰፊ ቅጠል ያላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው። ደርቀው ጎን ለጎን ሲለጠፉ ላልለመደ ዐይን እጅግ ይመሳሰላሉ። በሕይወት ባለው ዛፍ ላይ ግን ልዩነታቸው ግልጽ ነው፤ ብሳና አርጅተው ሊረግፉ የተቃረቡ ቅጠሎቹ ወደ ብርቱካናማ መልክ ስለሚለወጡ በአረንጓዴው መካከል ከሩቅ ይታያሉ፤ በቅጠሉ ግርጌ፣ ዘንጉ ከቅጠሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ሁለት ትናንሽ እብጠቶች አሉት። ዋንዛ ደግሞ ነጭ አበባና የሚበላ፣ የሚያጣብቅ ቢጫ ፍሬ አለው። «ሰፊ፣ ጫፉ ሾጣጣ» የሚል መግለጫ ብቻ የተማረ ልጅ ሁለቱን ሊለይ አይችልም።

ሁለተኛው ችግር «አንድ ቅጠል» ማለት ምን እንደሆነ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። የብርብራ ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ በጥንድ በጥንድ የተሰለፉና በጫፉ በአንድ የሚጨረሱ ብዙ ትናንሽ ክፋዮችን የያዘ ነው። የኮርች ቅጠል ሦስት ክፋዮች አሉት። የኮሶ ቅጠል ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ረጃጅም ክፋዮችና በመካከላቸው ጥቃቅን ክፋዮች አሉት። የግራር ቅጠል ደግሞ ሁለት ጊዜ የተከፋፈለ ስለሆነ ክፋዮቹ እጅግ ያነሱ ናቸው። ተማሪው አንዷን ክፋይ ቀጥፎ «የብርብራ ቅጠል» ብሎ ሲለጥፍ ስሙ ትክክል ሆኖ ዕውቀቱ ስሕተት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እምቡጥ የሚበቅለው ሙሉው ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ቦታ እምቡጥ ከሌለ የተያዘው ነገር የቅጠል ክፋይ ነው። ይህን አንድ ሕግ ማስተማር የብዙ ወረቀት ድካም ያስቀራል። ሕጉን ለመፈተን ግን ቅርንጫፉ መታየት አለበት።

ሦስተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ አገር በቀል ባይሆንም፣ ተማሪዎች ሁሉ ስለሚያውቁት ለማስተማሪያነት ያገለግላል። በለጋነቱ ቅጠሎቹ ሰማያዊ መልክ ያላቸው፣ ዘንግ የሌላቸውና ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ የቆሙ ናቸው፤ ሲያድግ ግን ረጃጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጡና ተራ በተራ የተቀመጡ ይሆናሉ። ተማሪው ሁለቱን ቅጠሎች የሁለት ዛፎች አድርጎ ቢለጥፍ ሊወቀስ አይገባም። የሐበሻ ጥድም በችግኝነቱ መርፌ የመሰለ፣ ሲያድግ ደግሞ በቅርንጫፉ ላይ እንደ ቅርፊት የተነባበረ ቅጠል አለው። የችግኝ ቅጠል ከአዋቂው ዛፍ ቅጠል ሊለይ እንደሚችል ያልተማረ ልጅ በችግኝ ጣቢያ ውስጥ ዕውቀቱ አይጠቅመውም።

አራተኛው፣ ቅጠሉ ምንም የማይናገርባቸው ሁኔታዎች መኖራቸው ነው። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ቅጠላቸው ይመሳሰላል፤ በቀላሉ የሚለያቸው ፍሬያቸው ነው። የሐበሻው ለስላሳ፣ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ሲኖረው፣ ከመካከለኛው አሜሪካና ከሜክሲኮ የመጣው የፈረንጁ ጥድ ግን ደርቆ የሚሰነጣጠቅ እንጨታማ ፍሬ አለው። ኮሶ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ ሲሆኑ ይህ የሚታወቀው በአበባው እንጂ በቅጠሉ አይደለም። ትልቁ ቁልቋል ደግሞ ቅጠሉ ደቃቅና ፈጥኖ የሚረግፍ ስለሆነ በቅጠል ስብስብ ውስጥ ቦታ የለውም። ዋርካና ሾላ ቅጠላቸው ሲቀጠፍ ነጭ፣ ወተት መሰል ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ይህ ዘመድነታቸውን የሚያመለክት ምልክት በደረቀው ቅጠል ላይ አይታይም።

የወቅት ጉዳይም ሊረሳ አይገባም። የቅጠል ስብስብ ሥራ በመስከረም ወይም በጥቅምት ቢሰጥ አብዛኛው ዛፍ ለምልሞ ይገኛል። በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው እርሻዎች ላይ የሚታወቀው አንዱ የግራር ዘመድ ግን ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ በዝናብ ወራት ቅጠሉን አርግፎ በበጋ ይለመልማል። ገበሬው ይህን ዛፍ በማሳው ውስጥ የሚያቆየውም ሰብሉን በዝናብ ወራት ስለማያጠላበት ነው። ኮርች ደግሞ በበጋ ቅጠሉን ያረግፋል። ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚሰጥ የስብስብ ሥራ እነዚህን የመሰሉ ጠባዮች ሊያስተምር አይችልም።

ስምና አገር በቀልነት

በወረቀቱ ግርጌ የሚጻፈው ስም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ፣ አንዱ ዛፍ በተለያዩ ክልሎች መማሪያ ክፍሎች በተለያየ ስም ይጠራል። ዋንዛ በኦሮምኛ ወዴሳ፣ ወይራ ኤጀርሳ፣ ብሳና መካኒሳ ወይም በከኒሳ ይባላል፤ በትግርኛ ደግሞ ወይራ አውሊዕ፣ ብሳና ታምቡክ ይባላል። ይህ ብልጽግና እንጂ ችግር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የስሞች መመሳሰል ሲያታልል ነው። በአማርኛ ብርብራ የሚባለው ዛፍና በኦሮምኛ ቢርቢርሳ የሚባለው ዛፍ ስማቸው ቢቀራረብም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የፊተኛው ፍሬው እንደ ባቄላ በጠፍጣፋ ቆባ ውስጥ የሚገኝና ዱቄቱ ዓሣ ለማደንዘዝ ያገለገለ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ሲሆን፣ የኋለኛው ዝግባ ነው። «ግራር» የሚለው ስምም ብዙ ዐይነቶችን በአንድነት ያጠቃልላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ስሙ ብቻ ሳይሆን ስሙ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነና ማን እንደ ነገረው ጭምር መጻፍ አለበት።

ከዚህ የበለጠ መታሰብ የሚገባው «አገር በቀል» የሚለው ቃል ነው። በከተማ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቅጠል የሚሰበስብ ተማሪ በብዛት የሚያገኘው ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ጃካራንዳ፣ ቁንዶ በርበሬና የፈረንጅ ጥድ ነው። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ፣ ጃካራንዳና ቁንዶ በርበሬ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ከዚያ ወዲህ የደጋውን መልክ ስለለወጠ፣ ለዛሬው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። ቅጠሉ ስለ ዛፉ መምጫ ምንም አይነግረውም። «አገር በቀል ዛፎች» የሚል ርእስ በተሰጠው ጥራዝ ውስጥ ግማሹ የውጭ ዛፍ ሆኖ መገኘቱም የተማሪው ስንፍና አይደለም፤ ሥራውን የሰጠው ሰው ልዩነቱን አስቀድሞ አለማስተማሩ ነው። እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ግን መካኒሳ፣ ሾላና ወይራ የሚሉት የሰፈር ስሞች የአገር በቀል ዛፎች ስሞችም ናቸው። ተማሪው የሰፈሩን ስም እየጠራ ዛፉን አለማወቁ ለመምህሩ ጥሩ የትምህርት መነሻ ሊሆን ይችላል።

የሳይንስ ልማድና የትምህርት ቤት ልማድ

ለቅጠል ስብስብ ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች አንዱ «የዕፀዋት ሊቃውንትም እንዲሁ ያደርጋሉ» የሚለው ነው። ይህ እውነት የሚሆነው በከፊል ነው። ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ በትግራይና በስሜን ዕፀዋትን እየሰበሰበና እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ ስብስቦቹም እስከ ዛሬ ለምርምር ያገለግላሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ክምችትም በዚሁ ዘዴ የተደራጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በስምንት ቅጽ የሚዘረዝረው ታላቅ ሥራም ያለ እንደዚህ ያሉ ስብስቦች ሊታሰብ አይችልም ነበር።

ሊቃውንቱ የሚያደርቁት ግን ነጠላ ቅጠል አይደለም። ቅጠሎቹ አቀማመጣቸውን እንደ ያዙ፣ በተቻለ መጠንም ከአበባ ወይም ከፍሬ ጋር፣ የቅርንጫፍ ጫፍ ነው። ከዚያ ጋር የተሰበሰበበት ቦታና ቀን፣ ከፍታው፣ የአካባቢው ስም፣ የሰብሳቢው ስምና ሲደርቅ የሚጠፋው ሁሉ፣ ማለትም የአበባው ቀለም፣ ሽታውና የዛፉ ቁመት፣ ይጻፍበታል። ጽሑፍ የሌለው ናሙና በእነርሱ ዘንድ ዋጋው እጅግ አነስተኛ ነው። ትምህርት ቤቱ ከሳይንስ የወሰደው ማድረቁንና መለጠፉን ሲሆን፣ ማስታወሻውን ትቶታል።

ለመምህሩ መመሪያ የሚሆኑ መጻሕፍትም በዚህ ዐይን ሊታዩ ይገባል። አዘነ በቀለ ተሰማ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት፣ ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የሚናገረው መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ ለአገልግሎት የቀረበ ነው። በሥዕል ያሳያል፤ የአካባቢ ስሞችን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይሰጣል፤ ዛፉ የሚበቅልበትን የአየር ጠባይና ጥቅሙንም ይገልጻል። ሆኖም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዛፎቹም በሳይንሳዊ ስማቸው ፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው። ስሙን ለያዘ ሰው በቀላሉ ይከፈታል፤ ቅጠል ብቻ ይዞ ስሙን ለሚፈልግ ሕፃን ግን በሩ ጠባብ ነው። መጽሐፉ ለልማት ሠራተኞች ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ይህ እንደ ነውር አይቈጠርበትም። ክፍተቱን መሙላት የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ድርሻ ነው፤ ለእያንዳንዱ አካባቢ የሚሆን፣ ከዐሥራ አምስት የማይበልጡ ዛፎችን የያዘ፣ በሚታዩ ምልክቶች ከጥያቄ ወደ ጥያቄ እየመራ ወደ ስሙ የሚያደርስ አነስተኛ መለያ ቢዘጋጅ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።

ነጥብና ጉዳት

አሁን ያለው የነጥብ አሰጣጥ የዘዴውን ጉድለት ያባብሰዋል። ነጥቡ የሚሰጠው ለጥራዙ ከሆነ፣ ተማሪው የሚደክመው ለጥራዙ ነው፤ የታላቅ ወንድሙን የአምናውን ስብስብ አድሶ ያቀረበና ራሱ ወጥቶ የሰበሰበ እኩል ይታያሉ። እረኛ ሆኖ ያደገና ከሃያ የሚበልጡ ዛፎችን በግንዳቸው ቅርፊት ብቻ የሚለይ ልጅ፣ ወረቀቱ ስለ ተጨማደደበት ዝቅተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ሳያውቀው አለፈ ማለት ነው።

በዛፉም ላይ ጉዳት አለ። ስድሳ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ዐሥር ቅጠል ቢያመጡ ስድስት መቶ ቅጠል ይሆናል፤ በግቢው ውስጥ ያሉት አገር በቀል ዛፎች ሁለት ወይም ሦስት ለጋ ችግኞች ብቻ ከሆኑ፣ ዛፍን ለማስተማር የተሰጠው ሥራ ዛፉን ይገፍፈዋል። የቁልቋል ወተትም ዐይን ውስጥ ቢገባ ጉዳት የሚያደርስ በመሆኑ፣ ሕፃናትን ያለ ማስጠንቀቂያ «ያገኛችሁትን ቀጥፋችሁ አምጡ» ብሎ መስደድ ተገቢ አይደለም።

ሊደረግ የሚገባው

የቅጠል ስብስብ ይቅር ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ መሻሻል የሚገባው አሠራሩ ነው። በመጀመሪያ፣ የዛፎቹ ቁጥር ከዐሥር ወደ አምስት ዝቅ ቢል፣ ሥራውም በግል መሆኑ ቀርቶ ስድስት ስድስት ተማሪ ባለበት ቡድን ቢሆን፣ በስድሳ ተማሪ ክፍል ስድስት መቶ ቅጠል መሆኑ ቀርቶ ሃምሳ ትናንሽ የቅርንጫፍ ጫፎች ይበቃሉ። ሁለተኛ፣ ቅርንጫፉ ከመቆረጡ በፊት ተማሪው ዛፉ ሥር ቆሞ ቅጠሎቹ ትይዩ ወይስ ተራ በተራ መሆናቸውን፣ ቅርፊቱን፣ ሽታውንና ፈሳሹን መዝግቦ ይጨርስ። ሦስተኛ፣ የታችኛው የቅጠል ገጽም እንዲታይ ቢያንስ አንዱ ቅጠል ተገልብጦ ይለጠፍ። አራተኛ፣ ወደዚያው ዛፍ በመስከረም፣ በጥርና በሚያዝያ ሦስት ጊዜ ተመልሰው ለውጡን ይመዝግቡ። አምስተኛ፣ የነጥቡ ቢያንስ ግማሽ በዛፉ ሥር በቃል ለሚሰጥ ፈተና ይሁን፤ ተማሪው ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን ያወቀባቸውን ሁለት ምልክቶች ይናገር።

በግቢያቸው አገር በቀል ዛፍ የሌላቸው ትምህርት ቤቶችም ያለ መማሪያ አይቀሩም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ብዙ አገር በቀል ዛፎች ተጠብቀው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ፣ ምንም ሳይቀጥፉ በሥዕልና በማስታወሻ ብቻ መሥራት ይቻላል። የጊዜ እጥረት እንቅፋት መሆኑ አይካድም፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ወጥቶ ለመመለስ እንኳ አይበቃም ይሆናል። ዐሥር ቅጠል ለማድረቅና ለመለጠፍ፣ ከዚያም ስድሳ ጥራዝ ለማረም የሚጠፋው ጊዜ ግን ለሦስቱ ጉብኝቶች ከሚያስፈልገው የሚያንስ አይደለም።

ጉዳዩ ከአንድ የክፍል ሥራ የሚያልፍበት ምክንያትም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት አስታውቋል፤ ከተካዮቹም መካከል ተማሪዎች ነበሩ። ችግኝ ተክሎ ስሙን የማያውቅ ልጅ፣ ያ ችግኝ በዚያ ቦታ መተከል ይገባው እንደ ነበረ ሊጠይቅ አይችልም፤ የደጋውን ኮሶ ከቆላ ቢያወርዱበት አይቃወምም፤ የሐበሻ ጥድ ተብሎ የፈረንጁ ቢሰጠውም አይለይም። በዓመቱ ተመልሶ የጸደቀውን ከጠፋው ለመቁጠር ቢላክም የትኛው የእርሱ እንደ ሆነ አያውቅም። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ስለ ዛፍ ተከላ ሲያስቡ የችግኙን ቁጥር እንደሚመዘግቡ ሁሉ፣ ስንቱ ተማሪ የተከለውን በስሙ እንደሚጠራ መመዝገብ ቢጀምሩ፣ የቅጠል ስብስቡ በእርግጥ ምን እንዳስተማረ በአንድ ክረምት ውስጥ ይታወቃል።